ስለ አካባቢ የሚናገር ኢንስታሌሽን ምንድን ነው?

ኢንስታሌሽን ማለት ተመልካቹ ከፊቱ ቆሞ አይቶ የሚያልፈው ሳይሆን ውስጡ የሚገባበት፣ የሚዞረው፣ ከሥሩ የሚያልፍበት የጥበብ ሥራ ነው። ቦታው፣ ብርሃኑና ነፋሱ የሥራው አካል ስለሆኑ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር የቆመውን ነቅለው ሐረር ጀጎል ግንብ አጠገብ ቢተክሉት ያው ሥራ አይሆንም። ስለ አካባቢ የሚናገረው ደግሞ ጉዳዩን ሥሎ ከማሳየት ይልቅ ራሱን ቆሻሻውን፣ ውኃውን ወይም ዛፉን ይዞ ይሠራል።

በዚህ ሥራ ከሚታወቁት መካከል የዩኒቨርሲቲ መምህራን አሉ። ንሱካ በሚገኘው የናይጀሪያ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ቅርጻ ቅርጽ ያስተማሩት ጋናዊው ፕሮፌሰር ኤል አናትሱይ የመጠጥ ጠርሙስ ክዳን ጠፍጥፈው በመዳብ ሽቦ እያያያዙ ግድግዳ የሚያለብስ ሥራ ይሠራሉ። በጀርመን ዱሰልዶርፍ የጥበብ አካዳሚ ፕሮፌሰር የነበሩት ዮሴፍ ቦይስ እ.ኤ.አ. በ1982 ካሰል ከተማ ላይ 7,000 ዛፍ ማስተከል ጀመሩ፤ ከእያንዳንዱ ጎን አንድ የባዛልት ድንጋይ ቆመ። ዛፉ ያድጋል፣ ድንጋዩ ባለበት ይቀራል።

ድሬዳዋ ላይ በቀላሉ የሚገኘው ቁስ ሃይላንድ ነው። 3 ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ቁመት ያለው መጋረጃ እንሥራ ብንል፣ ግማሽ ሊትሩ ሃይላንድ 22 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚረዝም አንድ ሽቦ 9 ይይዛል። በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ሲሰቀል 31 መስመር፣ በጠቅላላው 279 ሃይላንድ ይፈጃል። ሲበሳ የሚሰነጠቅ ስለማይጠፋ 310 ይሰብሰብ። በመስመሮቹ መሃል የሚቀረው ክፍተት እንዳይደፈን፤ ነፋስ ማለፊያ ካጣ መጋረጃውን ከነማቆሚያው ይጥለዋል።

ትልቁ ጥንቃቄ ቀዳዳው ላይ ነው። ክዳኑም መቀመጫውም መሃል ላይ በጋለ ሚስማር ይበሳል፤ ጭሱ መጥፎ ስለሆነ ደጅ ይሠራ። ሽቦው 1.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቀዳዳው 5 ሚሊ ሜትር ይሁን። ሃይላንዱ አፉን ወደ ታች አድርጎ ይሰቀል። ቀጥ ብሎ ከተሰቀለ የመቀመጫው መሃል ወደ ውስጥ የገባ ስለሆነ ዝናቡ በቀዳዳው አይወርድም፤ ዙሪያውን ይተኛና ትንኝ ይራባበታል። ይህ በድሬ ቀላል ነገር አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ ተከስቶባታል፤ በ2022 ለተነሳው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት የሆነችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝም በከተማ ውስጥ በተጠራቀመ ውኃ የምትራባ ናት።

ሲባጎ ፀሐይ ስለሚበላው ዝገት የማይዘው ሽቦ ይሻላል። ስስ ፌስታል ደጅ ላይ አይመከርም፤ ፀሐይ ያደርቀውና እየተፈረፈረ አፈር ውስጥ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ሥራው ራሱ ቆሻሻ አመረተ ማለት ነው። ጣሪያ ሥር ከሆነ ግን ያምራል።

ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ሰፊና ባዶ ስለሆነ ዓይን ይስባል። በዝናብ ወራት ግን አይሞከርም፤ ከተማው ሳይዘንብ ደጋው ከዘነበ ጎርፉ ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል።

የማፍረሻው ቀን ከመተከሉ በፊት ይወሰን። ቀለምና ማስቲሽ ካልነካው፣ ሽቦው ተመዝዞ ክዳኑ ለብቻ ከተለየ፣ ሃይላንዱን ቆራሌው ይወስደዋል።