በቼዝ ውድድር ባለብዙ ምዕራፍ ሰዓት አሞላል

የቼዝ ሰዓት ሁለት ገጽ ያለው መሣሪያ ነው፤ አንዱ ሲሮጥ ሌላው ይቆማል። ተጫዋቹ እርምጃውን እንደጨረሰ ጠጠሩን ባነሳበት እጅ በራሱ በኩል ያለውን መጫኛ ሲጫን የተጋጣሚው ጊዜ መቁጠር ይጀምራል። ለጨዋታው በሙሉ አንድ ወጥ ጊዜ ከተመደበ ሰዓቱን መሙላት ቀላል ሥራ ነው። ጣጣው የሚመጣው ጊዜው በምዕራፍ ሲከፈል ነው። የአገር ቡድኖች በሚጋጠሙበት በቼዝ ኦሊምፒያድ ለምሳሌ ለመጀመሪያዎቹ 40 እርምጃዎች 90 ደቂቃ፣ ለቀሪው ጨዋታ ደግሞ 30 ደቂቃ ይሰጣል፤ በዚህ ላይ ከመጀመሪያው እርምጃ አንሥቶ በየእርምጃው 30 ሰከንድ ይጨመራል።

በሜካኒካል ሰዓት እንዲህ ያለ ጭማሪ የማይታሰብ ነበር። የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ቦቢ ፊሸር በየእርምጃው ጊዜ ለሚጨምር ዲጂታል ሰዓት በ1989 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ፤ በ1992 ከቦሪስ ስፓስኪ ጋር ባደረገው ሁለተኛ ግጥሚያም ተጠቀመበት። ዛሬ በትልልቅ ውድድሮች ጠረጴዛ ላይ በብዛት የሚታዩት የኔዘርላንዱ ዲጂቲ ኩባንያ ሰዓቶች ናቸው።

ዳኛው ከጨዋታው በፊት በየጠረጴዛው ሲዞር በመጀመሪያ የሚያየው በገጹ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ነው። ጭማሪው ለመጀመሪያው እርምጃም ስለሚሰጥ በኦሊምፒያዱ አከፋፈል ሁለቱም ወገኖች የሚነሡት ከ1:30:30 እንጂ ከ1:30:00 አይደለም። አንዳንድ ሰዓቶች ይህን 30 ሰከንድ ራሳቸው ይደምራሉ፤ በሌሎቹ ላይ ግን ሰዓቱን የሚሞላው ሰው በእጁ ማስገባት አለበት። የነጩ ምልክት በትክክል ነጭ በተቀመጠበት በኩል መሆኑም አብሮ ይታያል።

ዋናው ውሳኔ ሰዓቱ ከአንዱ ምዕራፍ ወደ ቀጣዩ የሚሻገርበት መንገድ ነው። አንደኛው መንገድ ዜሮን መጠበቅ ነው። 40ኛውን እርምጃ ሲያደርግ 12 ደቂቃ የቀረው ተጫዋች ገጹ ላይ የሚያየው ያንኑ 12 ደቂቃ ነው፤ 30 ደቂቃው የሚታከልለት የመጀመሪያው ጊዜ ሲያልቅ ነው። ድምሩ ስለማይለወጥ የሚጎድልበት ነገር የለም፤ ይሁን እንጂ ይህን የማያውቅ ተጫዋች ጊዜው ያለቀበት መስሎት በጥድፊያ ሲሳሳት ይታያል። የባሰው ወጥመድ ግን ሌላ ነው። ሰዓቱ ዜሮ ሲደርስ 30 ደቂቃውን የሚጨምረው 40 እርምጃ መደረጉን ሳይጠይቅ ነው። ተጫዋቹ 39 ላይ ከሆነ፣ ገጹ ላይ አዲስ ጊዜ ቢመጣለትም በሕጉ ተሸንፏል። ይህን የሚለየው የእርምጃ መመዝገቢያ ወረቀቱ ነው። በየእርምጃው 30 ሰከንድ እስካለ ድረስ ደግሞ ከአምስት ደቂቃ በታች የቀረው ተጫዋችም ከመመዝገብ ግዴታ ነፃ ስለማይሆን ወረቀቱ አስተማማኝ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ሰዓቱ ራሱ እንዲቆጥር ማድረግ ነው፤ መጫኛው 40ኛ ጊዜ እንደተጫነ 30 ደቂቃው ወዲያው ይታከላል። ገጹ እውነተኛውን ጊዜ ስለሚያሳይ ለተጫዋች ይመቻል። ነገር ግን ሰዓቱ የሚቆጥረው የመጫኛውን መጫን እንጂ እርምጃን አይደለም። ነጭ ተንቀሳቅሶ መጫኑን ቢረሳና ጥቁርም ሳያስተውል መልሶ ቢጫወት፣ ቆጣሪው በሁለቱም በኩል በአንድ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ 40ኛውን እርምጃ የጨረሰ ሰው ባንዲራ ሊወድቅበት፣ ማለትም ሰዓቱ ጊዜው እንዳለቀ ሊያሳይበት ይችላል። በአስተያየቴ ጭማሪው ከመጀመሪያው አንሥቶ እኩል በሚሰጥበት ውድድር የመጀመሪያው መንገድ ይሻላል፤ ቆጠራው በዳኛና በወረቀት እጅ ይቆያልና።

ጭማሪው ዘግይቶ ሲጀምር ግን ቆጣሪውን መሸሽ አይቻልም። በ2023ቱ የዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያ ለ40 እርምጃ 120 ደቂቃ፣ ለቀጣዮቹ 20 ደግሞ 60 ደቂቃ ተሰጥቶ፣ ከዚያ 15 ደቂቃ ሲታከል 30 ሰከንዱ የጀመረው ከ61ኛው እርምጃ ነው። ሰዓቱ ዜሮን የሚጠብቅ ቢሆን ጊዜ ቆጥቦ 61ኛው ላይ የደረሰ ተጫዋች ጭማሪውን ያጣ ነበር።

ሰዓቱ በትክክል ተሞልቶም ተጫዋቹ ካላወቀው ዋጋ ያስከፍላል። በ2015 በስታቫንገር በተካሄደው የኖርዌይ ቼዝ ውድድር የመጀመሪያ ዙር በወቅቱ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ማግኑስ ካርልሰን ዘግይቶ በመድረሱ የዳኛውን ማብራሪያ አልሰማም። ከ60ኛው እርምጃ በኋላ 15 ደቂቃ የሚጨመርለት መስሎት ሲያስብ፣ ሊያሸንፍ በተቃረበበት ጨዋታ በቬሴሊን ቶፓሎቭ በጊዜ ተሸነፈ። በዚያ ውድድር ከ40ኛው እርምጃ በኋላ የሚሰጠው 60 ደቂቃ ለቀሪው ጨዋታ ሁሉ ነበር።

በጨዋታ መሐል አሞላሉ ስሕተት ሆኖ ከተገኘ ተጫዋቹ ወይም ዳኛው ሰዓቱን ወዲያውኑ ያቆማል፤ ዳኛውም ጊዜውንና፣ ካስፈለገ፣ ቆጣሪውን ያስተካክላል። የተለመደው እርማት ሕገ ወጥ እርምጃ ሲፈጸም ለተጋጣሚ ሁለት ደቂቃ መጨመር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ቆጣሪው ነው፤ ያ የተሰረዘ እርምጃ መጫኛው ተነክቶ ተቆጥሯልና ዳኛው ደቂቃውን ጨምሮ ከመነሣቱ በፊት አንድ መቀነስ ይኖርበታል።