የሰዓት «ማሽን» ምንድን ነው? ፊቱ ላይ ያለው ስምስ የማን ነው?

ባለፈው ሳምንት የግድግዳ ሰዓታችን ቆመ። የሰርግ ስጦታ ነው፣ ፊቱ ወፍራም እንጨት ነው፣ መጣሉ አልሆነልኝም። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጥላ ሥር ወደሚሠሩ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ወሰድኩት። ገልብጠው ከጀርባው ያለችውን ጥቁር የፕላስቲክ ሣጥን በጥፍራቸው መታ መታ አደረጓትና «አብሽር፣ ሰዓቱ ደህና ነው፤ የሞተው ማሽኑ ነው» አሉኝ።

ማሽን (ሞተር የሚለውም አለ) ጊዜውን የሚቆጥረውና ቆጣሪዎቹን የሚያዞረው የውስጥ ዕቃ ነው። ቀፎው፣ መስታወቱ፣ ማሰሪያው፣ ቁጥር የተጻፈበት ፊት ልብሱ ናቸው። ድሮ በእጅ በሚሞላው ሰዓት ሥራውን የሚሠራው የተጠቀለለ ሞላ ነበር፤ ሲፈታ ጥርሶቹን ይገፋል። (ሞላ የሚለው ቃል ከጣሊያን የመጣ ነው፣ መሙላቱ ግን የኛው ነው።) ዛሬ አብዛኛው ኳርትዝ ነው። ከባትሪው ኤሌክትሪክ ሲያገኝ በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገብ ኳርትዝ የሚባል ደቃቅ ድንጋይ አለ፤ ሰርኪዩቱ ያንን ቁጥር 15 ጊዜ በግማሽ በግማሽ ሲቀንሰው በሰከንድ አንድ ምት ይቀራል። ጧ የምትለው እሷ ናት። የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ሴኮ ገበያ ያወጣው በፈረንጆቹ 1969 መጨረሻ ላይ ነው።

አሁን ወደ ንግዱ። ሰዓት ላይ ስማቸውን የሚጽፉ ኩባንያዎች ብዙዎቹ ማሽን አይሠሩም፣ ይገዛሉ። የሲትዝን የሆነው ሚዮታ፣ ሴኮ፣ የስዊዙ ኢታ ማሽኑን ለብቻው ለሌላው ይሸጣሉ። ኮምቦልቻ መንገድ ላይ የሚያጣድፋችሁን አይሱዙ አስቡት፤ ሞተሩ የጃፓን፣ ካሶኒው እዚሁ የተበየደ። ሰዓት ላይ «ጃፓን ሙቭት» (ሙቭመንት፣ ማሽን ማለት ነው) የሚል ጽሑፍ ስታዩም ጃፓናዊ የሆነው ማሽኑ ብቻ ነው፤ ቀፎውና ገጠማው የሌላ አገር ሊሆን ይችላል። ሻጭ «ኦሪጅናል ጃፓን» ሲላችሁ ግማሹን እውነት ነው የነገራችሁ። ስዊዞች እዚህ ላይ ጥብቅ ናቸው፦ ማሽኑ የስዊዝ መሆን አለበት፣ ቀፎው ውስጥ የሚገባውም እዚያው ነው፣ ከፈረንጆቹ 2017 ወዲህ ደግሞ ቢያንስ 60 በመቶው የማምረቻ ወጪ እዚያው መውጣት አለበት።

ማሽን የያዘ ገበያውን ይይዛል። በፈረንጆቹ 2002 የኢታ ባለቤት ስዋች ግሩፕ ያልተጠናቀቀ ማሽን ለሌሎች መሸጡን ቀስ በቀስ አቆማለሁ ሲል ስንቱ ባለ ስም ሰዓት አምራች ደነገጠ፣ የአገሪቱ የውድድር ኮሚሽንም ጣልቃ ገባ።

ጉምሩክም ማሽንን ከሰዓቱ ለይቶ ነው የሚያውቀው። በዓለም አቀፉ የዕቃ መለያ ምዕራፍ 91 የሰዓት ነው፤ የእጅ ሰዓት ማሽን 9108፣ የግድግዳና የጠረጴዛው 9109። ውፍረቱ ከ12፣ ስፋቱ ከ50 ሚሊ ሜትር ካለፈ የእጅ ሰዓት ማሽን አይባልም። የኔዋን ጥቁር ሣጥን በማስመሪያ ለካኋት፣ 56 መጣች።

ሌላውን ግን ሳልለካ ገዛሁ። አንዱ ሱቅ ገብቼ «የግድግዳ ሰዓት ማሽን» አልኩ፣ ሰጡኝ፣ ከፍዬ ወጣሁ። ሽማግሌው ሊገጥሙት ሲሉ መሐሉ ላይ ያለችው ዘንግ የእንጨቱን ውፍረት አልፋ አልወጣችም፤ ዳዶው የሚይዘው ጥርስ አጣ። ለካ ማሽን የሚሸጠው በዘንግ ርዝመትም ነው! ሱቁ አልመልስም አለኝ። ሽማግሌው ሳቁና ከመሳቢያቸው ዘንጉ ረዘም ያለ አወጡ፣ ዳዶውን አሰሩ፣ ቆጣሪዎቹን በጣታቸው ገፋ ገፋ አደረጉ፣ አንድ የሪሞት ድንጋይ ከተቱበት።

ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ሞሉት፣ በሐበሻ። አጭሩ ማሽን ቤት ተቀምጧል፤ ቀጭን ፊት ያለው ሰዓት የቆመበት ሰው ካለ ይውሰደው።