የወደቀውን ቅጠል ማን ያነሣዋል?

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

እርጥብ ድንጋይ ወይም የበሰበሰ ግንድ ገልበጥ ስታደርጉ ከሥሩ አንዲት ትንሽ ግራጫ ፍጥረት (በእንግሊዝኛ woodlouse የምትባለው) ወደ ጨለማው ስትሸሽ አይታችሁ ይሆናል። ጀርባዋ እንደ ጥሩር የተደራረበ ነው። አንዳንዷ ስትነካ ድብልብል ትላለች። ብዙዎቻችን ተባይ መስላን በጫማ እንጨፈልቃታለን። እሷ ግን አትናከስም፣ በሽታም አታመጣብንም። የቅርብ ዘመዶቿ የባሕሮቹ ሸርጣንና ሽሪምፕ ናቸው። 14 እግሮች አሏት። እንቁላሎቿን ከሆዷ ሥር ባለ እርጥብ ከረጢት ይዛ ትዞራለች፤ ልጆቿ የሚፈለፈሉትም እዚያው ነው።

ቀለቧስ? የረገፈ ቅጠል፣ የበሰበሰ እንጨት፣ ሻጋታ። አልፎ አልፎ ለጋ ችግኝ ትቀምሳለች እንጂ ዋናው ምግቧ የሞተው ነው። ቆዳዋን የምትቀይረው በሁለት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ የኋላውን፣ ከቀናት በኋላ የፊቱን። ያወለቀችውንም ትበላዋለች። ኩሷንም ሳይቀር መልሳ ትበላለች። ይህን ስትሰሙ ፊታችሁን አታጨማድዱ። ደሟ መዳብ ይፈልጋል፤ ምግቡ መጀመሪያ በሆዷ ሲያልፍ ያመለጣትን መዳብ በዚህ ታገኘዋለች።

ጌታችን 5 እንጀራና 2 ዓሣ አበርክቶ ሕዝቡን ካጠገበ በኋላ፣ አንዳች እንዳይጠፋ ቁርስራሹን እንዲሰበስቡ ደቀ መዛሙርቱን አዘዘ፤ 12 መሶብም ሞላ (ዮሐ. 6፥12-13)። አምስት ሺህ ሰው ከጠገበ በኋላ ስለ ፍርፋሪ ያስባል! ያው ጌታ ለረገፈ ቅጠልም አገልጋይ መድቧል። እሷ ቅጠሉን ታደቀዋለች፤ ከዚያ ዓይን የማያያቸው ተሕዋስያንና ሻጋታ ተረክበው ያፈርሱታል። በቅጠሉ ውስጥ የነበረው ሲሳይ ወደ አፈር ይመለሳል፣ ሥርም ይመጥጠዋል። ይህ ሥራ ባይኖር ዛፉ የጣለው ሁሉ ሳይፈርስ ይከመር ነበር። መዝሙረኛው በመዝሙር 103 (በሌላው አቆጣጠር 104) ፍጥረት ሁሉ ምግቡን በየጊዜው ከእግዚአብሔር እንደሚጠብቅ ሲዘምር፣ ይህችም ከዚያ ቁጥር አልወጣችም።

እኔን ግን በጣም የሚነካኝ ሌላው ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ደካማ የሚመስሉት የአካል ክፍሎች ይልቁን የሚያስፈልጉ ናቸው ይላል (1ቆሮ. 12፥22)። ቅዳሴው ሲያልቅ ሁላችን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ምንጣፉን የሚያራግፉት፣ የጸበል ጻዲቁን ሳሕን የሚያጥቡት እናቶች ግን ገና እዚያው ናቸው። ስማቸውን እንኳ አንጠይቅም። በዚህ ሰንበት ጠይቋቸው፣ ሳሕኑንም አብራችሁ እጠቡ።

የቤተ ክርስቲያናችሁን ግቢ የምታጸዱም፣ ቅጠሉን ሁሉ ሰብስባችሁ አታቃጥሉት። ከዛፎቹ ሥር፣ ጥላ ባለበት ጥቂቱን ተዉላት።