ጆን ጋርሺያ እና ውኃ የተዉት አይጦች

ጆን ጋርሺያ (1917–2012 እ.ኤ.አ.) የእንስሳት ሰውነት ከሚማሩት ነገር ጋር ያለውን ትስስር ያጠኑ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ናቸው። የተወለዱት ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ሮዛ አቅራቢያ፣ ከስፔን ከፈለሱ የእርሻ ሠራተኞች ነው። ዩኒቨርሲቲ የገቡት በመካኒክነት ከሠሩና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በውትድርና ካገለገሉ በኋላ ነበር።

በ1951 ሳን ፍራንሲስኮ በነበረው የባሕር ኃይል የጨረር መከላከያ ላቦራቶሪ ተቀጥረው ጨረር አይጦችን ምን እንደሚያደርግ ማጥናት ጀመሩ። አይጦቹ ጨረር ክፍሉ ውስጥ ውኃ መጠጣት እየተዉ ሄዱ፤ ማደሪያቸው ሲመለሱ ግን ይጠጣሉ። ልዩነቱ ከጠርሙሱ ነበር። የጨረር ክፍሉ ጠርሙስ ፕላስቲክ፣ የማደሪያው ግን የመስተዋት ነው። አይጦቹ ፕላስቲኩ ውኃው ላይ የሚተወውን ጣዕም ጨረሩ ካመጣባቸው ሕመም ጋር አያይዘውታል። ሌላ ተመራማሪ ጠርሙሱን ቀይሮ ሥራውን ይቀጥል ነበር፤ ጋርሺያ ግን የሕይወት ዘመን ጥያቄያቸውን ያገኙት እዚያ ነው። በ1955 ከባልደረቦቻቸው ጋር በሳካሪን የጣፈጠ ውኃ የጠጡ አይጦችን በጋማ ጨረር መትተው ውጤቱን አሳተሙ፤ አይጦቹ ጣፋጩን ውኃ ሸሹት።

በዘመኑ እምነት እንስሳ ሲማር ማንኛውም ምልክት ከማንኛውም ውጤት ጋር እኩል ይያያዛል፣ በመካከላቸው የሚያልፈውም ጊዜ አጭር መሆን አለበት። ጋርሺያና ሮበርት ኬሊንግ በ1966 ይህን ፈተኑ። አይጦቹ ጣዕም ያለው ውኃ ሲልሱ ብርሃን ይበራል፣ ድምፅም ይሰማል። ከዚያ ከፊሎቹ በኤሌክትሪክ ተነዘሩ፣ ከፊሎቹ እንዲታመሙ ተደረጉ። የተነዘሩት ብርሃንና ድምፁን ፈሩ፤ የታመሙት ጣዕሙን ጠሉ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚባለው ለዓይንና ለቆዳ ነው፤ ሆድ የሚጠረጥረው የቀመሰውን ነው። በጣዕሙና በሕመሙ መካከል ከአንድ ሰዓት በላይ ቢያልፍም ትምህርቱ እንደሚጸና ደግሞ በሌላ ሙከራ አሳዩ። የምላስና የሆድ መልእክት የአንጎል ግንድ ውስጥ አንድ ቦታ ይገናኛል፤ መርዝም በዱር ሥራውን የሚሠራው ቆይቶ ነው።

ዋና ዋና መጽሔቶች ግን ጽሑፎቻቸውን መለሱባቸው፤ ተቀባይነት ለማግኘት ዓመታት ፈጀባቸው። ሎንግ ቢች ኮሌጅ እያስተማሩ ቆይተው ዶክትሬታቸውን ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ያገኙት በ1965፣ ወደ አምሳ ዓመታቸው ሲጠጉ ነው። በኋላ ስቶኒ ብሩክ፣ ዩታና ሎስ አንጀለስ በሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች አስተማሩ። በ1983 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆኑ።

ግኝቱ ከላቦራቶሪ ወጥቷል። በ1974 እሳቸውና ካርል ጉስታቭሰን ኮዮቴ የተባለውን የቀበሮ ዘመድ ሊቲየም ክሎራይድ የተባለ የሚያሳምም ጨው የተጨመረበት የበግ ሥጋ አብልተው በግ እንዲጠላ አደረጉ፤ ዘዴው በግጦሽ መስክ መሥራቱ ግን ብዙ አከራክሯል። ለእኔ ትልቁ ፍሬው የካንሰር ሕሙማን ነገር ነው። በ1978 አይሊን በርንስታይን ኬሞቴራፒ የሚወስዱ ሕፃናት ከመድኃኒቱ በፊት የበሉትን አይስክሬም እንደሚጠሉ አሳየች። ከዚያም ከምግቡ በኋላ፣ ከመድኃኒቱ በፊት፣ ጣዕሙ የጠነከረ ከረሜላ መስጠት ተሞከረ፤ ጥላቻው ወደ ከረሜላው ሲዞር ልጁ የዕለት ምግቡን መብላት ይቀለዋል።