ኤዲዲ ምንድን ነው? ፎር ባይ ፎሩ መብራቱ ብልጭ ብልጭ እያለ ለማይገባላችሁ

ጭቃ ላይ ደርሳችሁ ፎር ባይ ፎሩን ታስገባላችሁ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች ግን ቀጥ ብላ አትበራም፣ የኋላ ጎማ እየተሽከረከረ ጭቃ ይረጫል የፊቱ ዝም ብሎ ቆሟል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው "በቃ ትራንስፈሩ (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ሚያከፋፍለው ሳጥን) ሄዷል" ይልና ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ትራንስፈር ማፈላለግ ይጀምራል። እባካችሁ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ኤዲዲ ሚባለውን ነገር እወቁት፣ እንደ ሃይሉክስ ባሉት ፒክአፖች ላይ ችግሩ እዛ ሆኖ ሳለ ምንም ያልሆነ ትራንስፈር ሲፈታ ማየት በጣም ያሳዝናል።

ኤዲዲ ቶዮታ ያወጣለት ስም ነው። ስራው የፊት ዲፈረንሻልን (ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ ሚያካፍለውን) ከአንዱ የፊት ጎማ መቁረጥና ሲፈለግ መልሶ ማገናኘት ነው። ከፊት ዲፈረንሻል ወደ አንዱ ጎማ ሚሄደው አክስል ለሁለት የተከፈለ ነው፣ መሃሉ ላይ እንደ መቀርቀሪያ ወዲያና ወዲህ ሚንሸራተት ጥርስ ያለው ቀለበት አለ፣ ቀለበቱ ሲገፋ ሁለቱ ይያያዛሉ ሲመለስ ይለያያሉ። ኤች 2 (በኋላ ጎማ ብቻ ሚነዳበት) ላይ ስትነዱ ተለያይተው ስለሚቆዩ የፊት ካርዳን (ከትራንስፈር ወደ ፊት ዲፈረንሻል ሚሄደው ዘንግ) በከንቱ አይዞርም፣ ነዳጅም ድምፅም ይቀንሳል። ቀለበቱን ሚገፋው በአንዳንዱ ሞዴል ቫኪዩም (በቱቦ ሚመጣ የአየር መሳብ ኃይል) ነው በአንዳንዱ ደግሞ ዲፈረንሻሉ ላይ የታሰረ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር።

"አንድ ጎን ብቻ ተቆርጦ እንዴት ሁለቱም ጎማ አይጎትትም?" ትሉ ይሆናል። ተራ ዲፈረንሻል ጉልበቱን ምንጊዜም ወደ ቀለለው በኩል ነው ሚለቀው፣ ያ የተቆረጠው ግማሽ አክስል ደግሞ ምንም አልያዘም፣ ስለዚህ እሱ ብቻውን እየዞረ ሌላኛው ጎማ ምንም አይደርሰውም። የድሮዎቹ ሃይሉክሶች ጎማ መሃል ላይ በእጅ ምታዞሩት ፍሪ እና ሎክ የሚል ነገር ነበራቸው አይደል፣ እዛም ያው ነው፣ አንዱን ጎን ሎክ አድርጋችሁ ሌላውን ከረሳችሁት ፊቱ አይጎትትም።

እንግዲህ "ፎር ባይ ፎር አልገባም" ማለት አንድ ነገር አይደለም ማለት ነው። ከማዞሪያው ወይም ከማርሹ ወደ ትራንስፈር፣ ከትራንስፈር ወደ ፊት ካርዳን፣ ከካርዳን ወደ ፊት ዲፈረንሻል፣ ከዛ ኤዲዲ፣ ከዛ ጎማ፣ ሰንሰለቱ አንዱ ጋ ተበጥሷል፣ የት ጋ እንደሆነ ሳታውቁ ዕቃ መግዛት የለባችሁም።

ማወቂያው ደግሞ ከባድ አይደለም። ሜዳ ቦታ ላይ አቁሙ፣ ሞተሩ እየሰራ ኤች 4 (ፎር ባይ ፎር፣ ፈጣኑ) አስገቡ፣ ትንሽ ወደፊት ትንሽ ወደኋላ በቀስታ በሏት (ጥርሶቹ ፊት ለፊት ሲገጣጠሙ ነው ሚገባው፣ አንዳንዴ ይሄ ብቻውን ይፈታዋል)። ከዛ ሞተር አጥፉ፣ ማርሽ ውስጥ ተዉት አውቶማቲክ ከሆነ ፒ ላይ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ የኋላ ጎማ ስር በደንብ ድንጋይ አድርጉ። አሁን ወደ ስር እጃችሁን ሰዳችሁ የፊት ካርዳኑን ያዙና ለማዞር ሞክሩ። እንደልቡ ከዞረ ትራንስፈሩ አልያዘም፣ ችግሩ እዛ ወይም እሱን በሚያንቀሳቅሰው ሞተር ወይም ሊቨር ጋ ነው። ትንሽ ነቅነቅ ብሎ ቀጥ ካለ ግን ትራንስፈሩ ስራውን ሰርቷል፣ ወደ ፊት ሂዱ። አንዱን የፊት ጎማ ብቻ በክሪክ አንሱና (መደገፊያ ሳታስገቡ ስሩ እንዳትገቡ) ጎማውን በእጃችሁ አዙሩት። አልዞር ካለ ኤዲዲው ይዟል። ዝም ብሎ ከዞረላችሁ ኤዲዲው አልያዘም፣ ትራንስፈሩን ተዉት ሌባው ተገኝቷል።

ኤዲዲው በቫኪዩም ሚሰራ ከሆነ መጀመሪያ ቱቦዎቹን እዩ። ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች ናቸው፣ ከሞተሩ ሙቀትና ከአቧራው ብዛት ይደርቃሉ፣ ጫፋቸው ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴም ሌላ ስራ ሲሰራ ይነቀሉና ማንም ሳይመልሳቸው ይቀራሉ። ዲፈረንሻሉ ጋ ያለውን ጫፍ ንቀሉና ሞተሩ እየሰራ (ማርሽ ዜሮ፣ የእጅ ፍሬን የተያዘ) ሌላ ሰው ኤች 2 ኤች 4 እያቀያየረ እናንተ ጣታችሁን ጫፉ ላይ አድርጉ። ጣታችሁን ከሳበው ቫኪዩሙ እየደረሰ ነው፣ እንግዲህ ወይ ውስጡ ያለው ጎሚኒ ተቀዷል ወይ ቀለበቱ ዝጎ ተጣብቋል። ካልሳበ ቱቦውን ተከትላችሁ ወደ ላይ ወደ ቫልቮቹ ሂዱ፣ ስታቀያይሩ ቀጭ ማለት አለባቸው፣ ዝም ካሉ የሽቦ ወይም የፊውዝ ነገር ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ፍሬኑም በዛው ሰሞን ደርቆ አልረገጥ እያለ ከሆነ ጉዳዩ ከኤዲዲ በላይ ነው፣ የናፍጣ መኪና ላይ ለፍሬኑም ቫኪዩም ሚሰጠው ያው ፓምፕ ስለሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ አሳዩት። ሚትሱቢሺ ኤል 200 ያላችሁም ስሙ ይለያል እንጂ በቫኪዩም ሚሰራው ሞዴል ላይ ነገሩ ተመሳሳይ ነው።

የኤሌክትሪኩ ከሆነ ፊውዙን ካያችሁ በኋላ ቁልፉን ከፍታችሁ ማዞሪያውን ስታዞሩ ዲፈረንሻሉ ጋ ዝዝ የሚል አጭር ድምፅ መስማት አለባችሁ። ድምፅ ከሌለ ሶኬቱን ንቀሉት፣ ወንዝ የተሻገረ መኪና ላይ ውሃ ገብቶ ፒኖቹ አረንጓዴ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ፣ እሱን በደንብ ማፅዳት አንዳንዴ በቂ ነው።

መብራቷስ? መብራቷ ብልጭ ብልጭ ስትል "ተበላሽቷል" እያለች አይደለም፣ ቀለበቱ ቦታው መድረሱን ሚያረጋግጥላት ስዊች መልስ እስኪሰጣት እየጠበቀች ነው። ስዊቹ ራሱ ከሞተ ፎር ባይ ፎሩ በትክክል ገብቶም መብራቷ ብልጭ ማለቷን አታቆምም፣ የጎማውን ፈተና ካለፈ ሚቀየረው ስዊቹ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው ሚያበላሸው ደግሞ ጎማ እየተሽከረከረ እያለ በማስገባት ነው። ነዳጁን ልቀቁ፣ ጎማው ይቁም፣ ከዛ አስገቡ። ኤል 4 (ፎር ባይ ፎር፣ ቀርፋፋው ግን ጉልበታሙ) ከሆነ መኪናው ሙሉ በሙሉ ቆሞ ማኑዋሉን ፍሪሲዮን ረግጣችሁ አውቶማቲኩን ኤን ላይ አድርጋችሁ ነው።

ሌላው ከተማ ውስጥ ብቻ ሚነዳ ፒክአፕ ነው፣ ክረምት እስኪመጣ ፎር ባይ ፎሩ አይነካም፣ ቀለበቱ እዛው ይደርቃል። የቶዮታ መመሪያ መጽሐፎች ላይ በየወሩ ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር በፎር ባይ ፎር ንዱ የሚል አለ፣ ዘይቱ የፊት ዕቃዎቹን እንዲያዳርሳቸው ነው። ግን ፒስታ መንገድ ላይ ይሁን። ደረቅ አስፋልት ላይ ኤች 4 አስገብታችሁ ስትጠመዝዙ የፊትና የኋላው ፍጥነት ስለሚለያይ ጥርሶቹ ይጨናነቃሉ፣ ያኔ ደግሞ "አልወጣም" ይላችኋል፣ እንደዛ ካለ ጥቂት ሜትር ቀጥ አድርጋችሁ ወደኋላ በሉት ይለቃል። የፊትና የኋላ ጎማችሁ እኩል ካልሆነ፣ አንዱ አዲስ አንዱ ያለቀ ከሆነ፣ ይሄ ነገር ቶሎ ቶሎ ይገጥማችኋል።

አሜሪካ ሆናችሁ ፎርድ ኤፍ 150 ለምትነዱ፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ በወጡት በብዙዎቹ ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፣ ቫኪዩሙ ሚሰራው የፊት ጎማዎቹን ከአክስላቸው ለያይቶ ለማቆየት ነው። ስለዚህ ቱቦው ሲያፈስ "አልገባም" ሳይሆን ቱ ዊል ላይ እየነዳችሁ ፊት ጎማ አካባቢ ክርክር የሚል የብረት ድምፅ ነው ምትሰሙት፣ ያንን ድምፅ ኩሽኔታ ነው ብላችሁ ከማስቀየራችሁ በፊት ቱቦዎቹን አሳዩ።