ኪሎዋት ሌላ፣ ኪሎዋት ሰዓት ሌላ

ድሬዳዋ ላይ ቤንዚን ሲጠፋ መጀመሪያ የሚያስታውቀው ባጃጅ ነው። ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ ሰፈር ለመሻገር ሰው ፀሐይ ላይ ይቆማል፣ ነጂው ማደያ ተሰልፎ ያረፍዳል። ታዲያ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ወሬ በተነሳ ቁጥር ሁለት ቃላት ይምታታሉ፤ ኪሎዋት እና ኪሎዋት ሰዓት።

በውሃ እናስበው። ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ ፍጥነቱ ኪሎዋት ነው። ጄሪካኑ ውስጥ የተጠራቀመው ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሻጩ «ሞተሩ ይሄን ያህል ኪሎዋት ነው» ሲልህ ስለ ጉልበቱ ነው የሚያወራው። ስንት መንገድ እንደሚያስኬድህ አልነገረህም። ለእሱ የባትሪውን ኪሎዋት ሰዓት ጠይቅ። አቦ፣ ሳትጠይቅ ብር እንዳታወጣ!

ባትሪው 8 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል እንበል። ቻርጀሩ 2 ኪሎዋት ከሆነ፣ ባዶውን ለመሙላት 4 ሰዓት ይፈጃል፤ ጥቂት ስለሚባክን ትንሽ ያልፋል። የቤትህ ቆጣሪም የሚቆጥረው ይህንኑ ኪሎዋት ሰዓት ነው።

አንድ ሊትር ቤንዚን 9 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል አለው። ብዙ ይመስላል። ግን ሞተሩ ለጎማው የሚያደርሰው ሩብ ያህሉን ነው፤ ሌላው ሙቀት ሆኖ ይበናል። (ድሬ ደግሞ ሙቀት መች አጣች?) የኤሌክትሪክ ሞተር አብዛኛውን ለጎማው ያደርሳል።

ሙቀት ካነሳን፣ ባትሪም አይወደውም፤ ዕድሜውን ያሳጥረዋል። በቀትር ፀሐይ ላይ አቁሞ ቻርጅ ከማድረግ፣ ማታ ነፈስ ሲል ይሻላል። መብራት ካለ ማለቴ ነው።