ስለ ኦንላይን ሴት ጠልነትና ስለ ቀኝ አክራሪ ሴቶች ደጋግመን የምንሳሳተው

ስለዚህ ጉዳይ ባወራሁ ቁጥር የሚመለስልኝ ያው ነው፣ ሴትን ኦንላይን መስደብ ቀላል ነገር ነው፣ ሴት ደግሞ አክራሪ አትሆንም። ሁለቱም የሚመጡት ሴትን ከቁም ነገር ካለመቁጠር ነው ብዬ ነው የማምነው፣ ስለዚህ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳቸው (አመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)።

«ስድብ ብቻ እኮ ነው፣ ብሎክ አርጊውና እለፊው»

ብሎክ የሚጠቅመው አንድ ባለጌ ሲያስቸግርሽ ነው። በ2014 ጌመርጌት የተባለው ዘመቻ ሲነሳ ግን የቪዲዮ ጌም የሚሰሩና ስለ ጌም ሂስ የሚሰጡ ሴቶች ላይ የተነሳው መንጋ ነበር፣ የቤት አድራሻ ያወጣል፣ እንደፍርሻለን እንገድልሻለን ይላል፣ አንዱ አካውንት ሲዘጋበት ሌላ ይከፍታል። ስለ ጌም ሂስ ከሚሰጡት አንዷ አኒታ ሳርኪሲያን በዛው አመት ጥቅምት ላይ አሜሪካ ዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ልትናገር ስትል የጅምላ ግድያ ዛቻ መጣ፣ የመሳሪያ ፈቃድ ያለውን ሰው አዳራሽ እንዳይገባ ማገድ ህጉ አይፈቅድም ስለተባለች ንግግሯን ሰረዘችው። ይሄን የሚያስቆም ብሎክ የለም። ዩኔስኮ ከዓለም አቀፉ የጋዜጠኞች ማእከል ጋር ባደረገው ጥናት ከተጠየቁት ሴት ጋዜጠኞች 73 በመቶው ኦንላይን ጥቃት ደርሶብናል ብለዋል፣ 20 በመቶ የሚሆኑት ደሞ ከዛው ጋር የተያያዘ ጥቃት በአካል እንደደረሰባቸው ተናግረዋል።

«ኢንሴል የሚለውን ነገር ሴት የጠሉ ወንዶች ፈጠሩት»

ኢንሴል ዛሬ ፍቅረኛ ስላጡ ሴቶችን የሚጠሉ ወንዶች ኦንላይን ራሳቸውን የሚጠሩበት ስም ነው። ቃሉ ግን የመጣው በ1997 አንዲት ካናዳዊት ለብቸኛ ሰዎች፣ ለሴትም ለወንድም፣ ከከፈተችው ድረ ገጽ ነው። የጥላቻ መጠሪያ የሆነው በኋላ ነው።

«ሴት በተፈጥሮዋ ለስላሳ ናት፣ እንዴት ዘረኛ አክራሪ ትሆናለች»

አሜሪካ ውስጥ የነጭ የበላይነትን የሚሰብከው የኩ ክሉክስ ክላን ሴቶች በ1923 ሊትል ሮክ ላይ የራሳቸውን ድርጅት አቋቁመው አባሎቻቸው በመቶ ሺዎች ደርሰዋል። ጀርመን ውስጥ አስር ሰው የገደለ የኒዮናዚ (የሂትለርን አስተሳሰብ የሚከተል) ቡድን አባል የነበረችውን ቤአተ ቼፐን ውሰዱ፣ ስለ ልብሷና አብረዋት ስለኖሩት ሁለት ወንዶች ብዙ ተወራ፣ ፍርድ ቤቱ ግን በ2018 በአስሩም ግድያ እንደ ተባባሪ ገዳይ ጥፋተኛ ብሎ እድሜ ልክ ፈረደባት። ለስላሳ ናት ማለት እንደ ሙገሳ ይሰማል እንጂ ለእንደዚህ አይነቱ ሰው መደበቂያ ነው።

«እሺ ገብተዋል፣ ግን ወንድ ጎትቷቸው ነው»

አንዳንዷ በፍቅረኛዋ በኩል ትገባለች፣ አዎ። ግን ብዙውን ጊዜ በሩ ጥላቻ አይመስልም፣ ንጹህ ኩሽና፣ ዳቦ የምትጋግር እናት፣ ረጅም ቀሚስ፣ ስራ ሰልችቶሽ ደክሞሽ ስትመጪ በጣም የሚያጓጓ ቪዲዮ ነው፣ ድካሙ ደግሞ እውነተኛ ድካም ነው እሱን መናቅ የለብንም። ከዛ ቀስ እያለ ወሬው ከቤትሽ ወደ ዘርሽ ይዞራል፣ ፌሚኒዝም ነው ያደከመሽ፣ ነጮች እየጠፉ ነው፣ ያንቺ ግዴታ መውለድ ነው ይሉሻል። ይሄን ሰምታ የምታሰራጨው ሴት መርጣ ነው፣ ተከታይም ክብርም ታገኝበታለች፣ ስለዚህ እንደ ህጻን ልናያት አይገባም።

ግን ክብሩ የውሰት ነው። ካናዳዊቷ ሎረን ሳውዘርን ከቀኝ አክራሪው ንቅናቄ ታዋቂ የኦንላይን ፊቶች አንዷ ሆና እያለ በ2017 የገዛ ወገኖቿ ወንዶች ለምን አላገባሽም ለምን አልወለድሽም ብለው ስለዘመቱባት ለምን እንዳላገባች የሚያስረዳ ቪዲዮ ለመልቀቅ ተገደደች፣ ገና 22 አመቷ ነበር። ሴት ጠልነቱ የንቅናቄው አሰራር ነው፣ ለደጋፊዋም አይመለስም።

«ስለ ሴቶች ደህንነት እስካወሩ ድረስ እነሱም ፌሚኒስት ናቸው»

ፈረንሳይ ውስጥ ኔሜሲስ የሚባል በ2019 የተመሰረተ የሴቶች ቡድን አለ፣ መንገድ ላይ ስለሚደርስ ትንኮሳ ይጮሃል ግን ጣቱን የሚቀስረው ስደተኛው ላይ ነው። ተመራማሪዋ ሳራ ፋሪስ ለዚህ፣ የሴቶችን መብት ስደተኛን ለመጥላት መጠቀም ለሚባለው ነገር፣ ፌሞናሽናሊዝም የሚል ስም አውጥታለታለች። ባሏ ወይ አለቃዋ ያጠቃት ሴትስ? ስለሷ ካልጮህሽ የሴት ጉዳይ አልያዝሽም።

«ፌሚኒስቶች ከመጮህ ውጪ ምን ሰሩ»

የሜክሲኮዋን ኦሊምፒያ ኮራል ሜሎን ላንሳ። የግል ቪዲዮዋ ያለፈቃዷ ሲሰራጭ ገና ወጣት ነበረች፣ ሰው ሁሉ እሷን ነው የወቀሰው፣ እሷ ግን ከሌሎች ሴቶች ጋር ሆና እንዲህ አይነቱን ማሰራጨት የሚቀጣ ህግ ይውጣ ብላ አመታት ታገለች፣ መጀመሪያ የራሷ ግዛት ፑዌብላ በ2018 ከዛ በ2021 መላው ሜክሲኮ ህጉን ተቀበለ፣ ዛሬ በስሟ ነው የሚጠራው። ቴክ ባክ ዘ ቴክ የሚባለው ዘመቻም ከ2006 ጀምሮ ሴቶች ራሳቸውን ኦንላይን እንዴት እንደሚጠብቁ ሲያስተምር ቆይቷል፣ ያኔ እኮ ብዙው ሰው ይሄን ችግር ብሎም አይጠራውም ነበር።

«አንዴ ከገባች አትመለስም»

አሜሪካዊቷ አንጄላ ኪንግ ኒዮናዚ ነበረች፣ ሰውነቷ ላይ ስዋስቲካ ተነቅሳ እስር ቤት የገባች ሴት ናት። እዛ አንዲት ጃማይካዊት እስረኛ ጠጋ ብላ ካርታ መጫወት ትችያለሽ ወይ አለቻት፣ ከዛ ጓደኛ ሆኑ። ከተፈታች ከአመታት በኋላ ሰዎችን ከጥላቻ ቡድኖች የሚያወጣውን ላይፍ አፍተር ሄትን ከመሰረቱት አንዷ ሆነች።